ካሜራው የአያቴን ነጠላ አመድ ያስመሰለበት ጠዋት

ነሐሴ ነበር። ደሴ በነሐሴ ምን እንደምትመስል የሚያውቅ ያውቃል። ጉሙ ከጦሳ ይወርድና ሸዋ በርን፣ ፒያሳን፣ ሰኞ ገበያን በየተራ ይውጣል። ከፊት የሚመጣ ባጃጅ መብራቱ ብቻ ነው የሚታየው። ተራራው ከነመኖሩ ይረሳል።

እንዲህ ባለ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ አያቴ በር ላይ ቆማ ነጠላዋን ስታጣፋ አየኋት። ነጭ ነጠላ፣ ከኋላዋ ነጭ ጉም፣ በመሃል የሷ ፊት። ከዚህ የተሻለ ፎቶ የት ይገኛል? ሮጬ ካሜራዬን አመጣሁ። ሦስት ጊዜ አነሳኋት።

ማታ ላፕቶፕ ላይ ሳየው ነጠላው አመድ ሆኗል። ጉሙም አመድ ነው። ፊቷማ የለም ማለት ይቀላል፤ ዓይንና አፍንጫ ያለው ጥላ ነው። አያቴ በትከሻዬ በኩል ብቅ ብላ አየችና ደነገጠች።

"ውይ ሆዴ! ነጠላዬን ሳላጥበው ነው እንዴ ያነሳኸኝ?"

ንጹሕ ነበር። ብምል ብገዘት አላመነችኝም። ካሜራ ይዋሻል እንዴ? በነጋታው፣ በዚያው ጉም፣ ነጠላውን አጥባ አሰጣችው። ለመድረቅ ሦስት ቀን ፈጀበት።

ካሜራው ከጅዳ ነው የመጣው። እህቴ ስትመለስ ብርድ ልብስ ውስጥ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ካኖን 600ዲ ነው፤ በፈረንጆቹ 2011 የወጣ፣ ከኔ በፊት ሌላ ሰው የተጠቀመበት፣ ከ18-55 ሌንሱ ጋር። አሮጌ ነው አትበሉኝ። ያኔ ጎረቤት ሁሉ ሊያየው የመጣ ዕቃ ነበር።

ዓመት ሙሉ ግን የተጠቀምኩት በአረንጓዴዋ ሞድ ብቻ ነው፤ አውቶ በምትባለዋ። ከላይ ያለችው ክብ መዞሪያ ላይ ሌላም ብዙ ነገር አለ። የሴት ጭንቅላት አለ፣ ተራራ አለ፣ አበባ አለ፣ የሚሮጥ ሰው አለ። ከነሱ ማዶ ደግሞ ስዕል የሌላቸው ፊደሎች ተደርድረዋል፦ ፒ፣ ቲቪ፣ ኤቪ፣ ኤም። ቲቪ የምትለዋን፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ካሜራውን ከቴሌቪዥን ጋር የምታገናኝ ትመስለኝ ነበር። አንድ ጊዜ ገመድ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ዞሬያለሁ።

አረንጓዴዋ ክፉ አይደለችም። ልደት ላይ፣ ሰፈር ውስጥ፣ ፀሐይ ባለበት ደህና ታነሳለች። ችግሯ ምክር አለመስማቷ ነው። ነጠላው አመድ ሲሆን "ትንሽ አንጪው" ልትሏት ብትፈልጉ መንገድ የላትም። በዚያ ካሜራ ላይ ፎቶውን የምታነጣው የምታጨልመው ቁልፍ አረንጓዴው ላይ ሲሆኑ አትሠራም።

ፒያሳ አካባቢ ጉርድ ፎቶ የሚያነሱ አንድ ሽማግሌ አሉ። ስማቸውን አልጽፍም፣ አይወዱም። ጋሼ ነው የምላቸው። ሜሞሪ ካርዱንም ካሜራውንም ይዤ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ካሜራዬ የተበላሸ ይመስለኛል።"

ፎቶውን አዩት። መነጽራቸውን አወለቁ። ሳቁ።

"ካሜራህ ደህና ነው። አያትህን አያውቃትም፣ ያ ብቻ ነው ችግሩ።"

ከመሳቢያ ነጭ ወረቀት አወጡ። መዞሪያዋን ራሳቸው ኤቪ ላይ አደረጓትና "ጠጋ ብለህ ወረቀቱን ብቻ አንሳ" አሉኝ። አነሳሁ። ቀጥለው ጥቁር ካፖርታቸውን ከወንበሩ አንስተው ዘረጉት። "አሁን ይሄን።" አነሳሁ። ከዚያ ሁለቱን ፎቶ እያፈራረቁ አሳዩኝ። ወረቀቱ ግራጫ ነው። ካፖርቱም ግራጫ ነው። የቱ የቱ እንደሆነ የለየሁት በካፖርቱ ክር ነው።

ይህን ቤታችሁ ሞክሩት። አንድ ነጭ ወረቀት፣ አንድ ጥቁር ልብስ፣ ሁለት ደቂቃ። ስለ ካሜራ ካነበብኩት ሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ ይሄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራው ውስጥ ብርሃን የሚለካ ነገር አለ። ከፊቱ ያለው ምን እንደሆነ አያውቅም። ምን ያህል ብርሃን ወደሱ እንደመጣ ነው የሚያውቀው። ብዙ ብርሃን መጣ እንበል። ዕቃው ነጭ ስለሆነ ነው ወይስ ፀሐዩ ስለበረታ? መለየት አይችልም። ስለዚህ አንድ ግምት ይዞ ይሠራል፦ ከፊቱ ያለው ሁሉ ተደባልቆ ቢታይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ያስባል። በሙያው 18 በመቶ ግራጫ ይሏታል፤ ካረፈባት ብርሃን 18 በመቶውን የምትመልስ ቀለም ናት። አብዛኛውን ጊዜ ግምቱ ያስኬዳል። አስፋልት፣ ሣር፣ የቆርቆሮ አጥር፣ ሰውና ሰማይ ሲቀላቀሉ ወደዚያች ግራጫ ይጠጋሉ። ነጠላ ከነጉሙ ሲሆን ግን ነጭ በነጭ ነው። ካሜራው "ኧረ ይሄ ብርሃን በዛ" ይልና ይቀንሳል። አመድ እስኪሆን ይቀንሳል። አዳዲሶቹ ካሜራዎች ትንሽ ይሻላሉ፣ ፊትም ይለያሉ። የኔው ግን እንዲያ ነው።

"ነጠላዋ ነጭ እንደሆነ የምታውቀው አንተ ነህ" አሉ ጋሼ። "ታዲያ ለምን አትነግረውም?"

የሚነገረው በአንዲት ቁልፍ ነው። የመደመርና የመቀነስ ምልክት አለባት። እሷን ይዞ ትንሿን መዞሪያ (ፊደሎቹ ያሉባትን አይደለም) ሲያሽከረክሯት ስክሪኑ ላይ ያለችው ምልክት ከዜሮ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ትሄዳለች። ወደ ቀኝ አንድ ማለት የብርሃን እጥፍ ነው። ፎቶ አንሺዎች አንድ ስቶፕ ይሉታል። ሁለት ማለት አራት እጥፍ ነው። መጀመሪያ የሚያደናግረው አቅጣጫው ነው። ከፊታችሁ ነጭ ሲበዛ ትደምራላችሁ፤ ጥቁር ሲበዛ ትቀንሳላችሁ። እኔ ተቃራኒው መስሎኝ ነጩን ቀንሼ ነጠላውን ከሰል አድርጌው አውቃለሁ። ፈረንጆቹ ይህን ሲያስተምሩ ስለ በረዶ ነው የሚያወሩት። እኛ በረዶ ባይኖረን የደሴ ጉም አለልን።

ከዚያ ቀን በኋላ ጋሼ ሱቅ መመላለስ ጀመርኩ። የምሠራው ኮምቦልቻ ነው፤ ማታ ስመለስ ፒያሳ እወርዳለሁ። እሳቸው ሱቅ ሊዘጉ ሲሉ እደርሳለሁ፤ ብዙም ደስ አይላቸውም፤ ግን አንድ ነገር ሳይነግሩኝ አይዘጉም።

ስለ ሦስቱ ነገሮች፣ ማለትም ስለ አፐርቸር፣ ስለ ሹተርና ስለ አይኤስኦ፣ ኢንተርኔት ላይ ሦስት ማዕዘን ተስሎ አይቻለሁ። አልገባኝም። የገባኝ አያቴ ቡና ስትቆላ ነው። እሳቱ ከበረታ ቶሎ ታወርዳለች። ከደከመ ታቆየዋለች። በሁለቱም መንገድ ቡናው ይቆላል። ግን አንድ ዓይነት ቡና አይወጣም። በኃይለኛ እሳት የተቻኮለው ውጪው ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ በደካማ እሳት የቆየው ደርቆ ጣዕሙን ያጣል።

እሳቱ አፐርቸር ነው፤ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት። በኤፍ ቁጥር ነው የሚጻፈው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ጊዜው ሹተር ነው፤ በሩ ተከፍቶ የሚቆይበት። ኤፍ 8 ላይ በ1/60 ሰከንድ የሚገባው ብርሃንና ኤፍ 4 ላይ በ1/250 ሰከንድ የሚገባው ብርሃን ያው ነው። ቀዳዳው አራት እጥፍ ሰፋ፣ ጊዜው አራት እጥፍ አጠረ። የፎቶው ብርሃን አንድ ነው። ፎቶው ግን አንድ አይደለም። አጥር ፊት ያለ ልጅ አነሳን እንበል። በመጀመሪያው ከልጁ ጀርባ ያለው አጥር በደንብ ይታያል፣ ልጁ ከሮጠ ግን እግሩ ብዥ ይላል። በሁለተኛው የልጁ እግር አየር ላይ ይቆማል፣ አጥሩ ደግሞ ይሟሟል። መምረጥ ማለት ይህ ነው። ብርሃኑ ትክክል እንዲሆን ማድረግ ግማሽ ሥራ ነው፤ ግማሹ የትኛው ቡና እንደሚፈለግ መወሰን ነው።

አይኤስኦ ሌላ ነው። ብርሃን አይጨምርም። የገባውን ያጎላል። ድሮ ቤታችን አንድ ያረጀ የመንዙማ ካሴት ነበር። ድምፁ ደካማ ስለሆነ አጎቴ ቴፑን እስከ መጨረሻ ይከፍተዋል። መንዙማው ይሰማል፣ ሽሽሽ የሚለውም አብሮ ይሰማል። አይኤስኦ 3200 ላይ ያነሳሁትን የሌሊት ፎቶ ሳይ ያ ካሴት ነው ትዝ የሚለኝ። ፎቶው አሸዋ አሸዋ ይላል። የኔ ካሜራ ከ100 እስከ 6400 ይሄዳል፤ እኔ ከ1600 በላይ ካልቸገረኝ አልወጣም። ቢሆንም ከብዥታ አሸዋ ይሻላል። አሸዋ ያለበት ፎቶ ላይ አያቴን አውቃታለሁ። ብዥ ያለው ላይ ማንም ልትሆን ትችላለች።

አንድ ነገር እስኪገባኝ የቆየብኝ የኤፍ ቁጥር ነው። ለምን ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል? ጋሼ በእንጀራ ነው ያስረዱኝ። "ለሁለት የተካፈለ እንጀራና ለ16 የተካፈለ እንጀራ፣ የቱ ቁራሽ ይበልጣል?" በቃ። የሌንሱ ፎካል ሌንግዝ፣ ማለትም ላዩ ላይ በሚሊሜትር የተጻፈው፣ በኤፍ ቁጥሩ ሲካፈል የቀዳዳውን ወርድ ከዳር እስከ ዳር ይሰጣል። 50 ሚሊሜትር ሌንስ ኤፍ 2 ላይ 25 ሚሊሜትር የሚሰፋ ቀዳዳ አለው። ኤፍ 16 ላይ 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ቁጥሮቹም 2፣ 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16 እያሉ ሲሄዱ በየደረጃው ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል።

ይህ ከኪሴ ጋር የተያያዘ ነገርም አለው። ከካሜራው ጋር የመጣው ሌንስ 18 ላይ ሲሆን እስከ 3.5 ይከፈታል፤ ዙም አድርጌ 55 ስደርስ 5.6 ላይ ይቆማል። ማለትም ማታ በአንድ አምፖል ቤት ውስጥ ዙም ባደረግኩ ቁጥር ከግማሽ በላይ ብርሃን እጥላለሁ። አሁን ዙም አላደርግም፤ በእግሬ እጠጋለሁ። አያቴ "ምነው ላዬ ላይ ወጣህ!" ትላለች እንጂ ፎቶው ይሻላል።

ፊደሎቹ እንግዲህ ከዚህ በኋላ ቀለሉኝ። ማን ምን ይወስናል የሚል ክፍፍል ናቸው። ኤቪ ላይ ቀዳዳውን እኔ እመርጣለሁ፣ ሹተሩን ካሜራው ያሰላል። ቲቪ ላይ በተቃራኒው ነው፤ ፊደሏ የጊዜ ምልክት እንጂ የቴሌቪዥን አይደለችም፣ ገመድ አትፈልጉ። ኤም ላይ ሁሉም የኔ ነው። ፒ ላይ ካሜራው ሁለቱንም ይመርጣል፣ ግን ከአረንጓዴዋ በተለየ የመደመርና የመቀነሱን ምክር ይሰማል። አንዳንድ ሰው ፒን ይንቃታል። እኔ ባዛር ውስጥ ስሯሯጥ እሷን ነው የምጠቀመው፣ አላፍርም። ሌሎች ካምፓኒዎች ቲቪን ኤስ፣ ኤቪን ደግሞ ኤ ይሏቸዋል፤ ሥራው ያው ነው።

ቲቪ ለኔ የባጃጅ ሞድ ናት። ፒያሳ ጥግ ላይ ቆሜ 1/500 ላይ ሳነሳ ባጃጁ የቆመ ይመስላል፤ ሕይወት የለውም። 1/30 ላይ አድርጌ ካሜራውን ከባጃጁ ጋር እያዞርኩ ሳነሳ ባጃጁ ይለያል፣ ከኋላ ያለው ሱቅና ሰው ሁሉ ይሰመራል። ከ20 አንዱ ነው የሚሳካው። አሥራ ዘጠኙን ማንም አያይም።

ኮምቦልቻና ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚራራቁት፣ ግን ለካሜራ ሁለት አገር ናቸው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከዚያ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። ክረምት ጠዋት ደሴን በጉም ለቅቄ በአባዱላ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ እወርዳለሁ፣ ኮምቦልቻ ስደርስ ፀሐዩ ዓይን ያወጣል። ጉም ላይ አንድ የደመርኩትን ሳላጠፋ ኮምቦልቻ የማነሳው የመጀመሪያ ፎቶ ሁሌም ይነጣል። ካሜራው የነገርኩትን አይረሳም። እኔ ነኝ የምረሳው።

ሐረጎን በሌሊት ለማንሳት ግን ኤም ነው የሚያዋጣው። አንድ ማታ ከአንዱ ጠመዝማዛ በላይ ካለ ጉብታ ላይ ሆኜ ቁልቁል አነጣጠርኩ። ትራይፖድ የለኝም፤ ቦርሳዬን ድንጋይ ላይ አድርጌ ካሜራውን አስደገፍኩት። አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 11፣ ሹተሩ 20 ሰከንድ። በእጄ ስጫነው እንዳይነቃነቅ የሁለት ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪውን ሞላሁ። ከታች አንድ አባዱላ ሲወጣ ከፈትኩት። መኪናው ፎቶው ላይ የለም። ያለው መብራቱ የሄደበት መንገድ ነው፤ እየተጠማዘዘ የሚወጣ ነጭ ክርና ከሱ ጎን የሚወርደው ሌላ መኪና የተወው ቀይ ክር፤ ልክ የነጠላ ጥለት። አራተኛው ላይ አንድ የጭነት መኪና ሙሉ መብራቱን ወደኔ አዙሮ አቃጠለብኝ። ሌንሱን በእጄ ልከልል ስል ቦርሳው ተንሸራተተ። ብርዱን አልነግራችሁም።

በዚህ ሁሉ ኩራት ተሰማኝ። ኤም ላይ አነሳለሁ እያልኩ ለጓደኞቼ ማውራት ጀመርኩ። ውጤቱን የአጎቴ ልጅ ሰርግ ላይ አገኘሁት።

ዋናው ፎቶ አንሺ ሌላ ሰው ነበር፤ አልሐምዱሊላህ። እኔ "ለማስታወሻ" ነው የገባሁት። ቤት ውስጥ ጨለማ ስለሆነ አይኤስኦ 3200፣ 1/60፣ ኤፍ 5.6 አድርጌ ሴቶቹን እያነሳሁ ነበር። ደህና ወጡልኝ። ከዚያ እልልታው ቀለጠ፣ ሙሽሪት ወጣች፣ እኔም ከፊቷ እየሮጥኩ ወጣሁ። ውጪው ስድስት ሰዓት ላይ ያለ ፀሐይ ነው። 27 ፎቶ አነሳሁ። ስክሪኑን አላየሁም፤ በዚያ ግርግር ማን ያያል? ማታ ሳየው 27ቱም ነጭ ወረቀት ናቸው። አንዱ ላይ የሙሽሪት ቅንድብ መሰል ነገር ይታያል። ጋሼ ጋ ሄጄ አስላሁት። በጠራ ፀሐይ አይኤስኦ 100 ከሆነ 1/125 እና ኤፍ 16 ይበቃል። እኔ የነበርኩበት ከዚያ በዘጠኝ ስቶፕ ይበልጣል። ዘጠኝ ጊዜ እጥፍ፤ ከሚያስፈልገው ብርሃን 500 እጥፍ በላይ። በየትኛውም ሶፍትዌር የሚመለስ አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ድንኳን ውስጥ ሌላ ጉድ ገጠመኝ። የሸንበቆ መብራት የምንላቸው ረጃጅሞቹ ነጭ አምፖሎች ናቸው ያሉት። ጭፈራውን ላስቁም ብዬ 1/500 አደረግኩ። አንዱ ፎቶ ደማቅ ሆነ፣ ቀጣዩ ቢጫ፣ ሌላው ግማሹ የጨለመ። ካሜራው አብዷል አልኩ። ለካስ መብራታችን 50 ኸርዝ ነው፤ እነዚያ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይበራሉ፣ ይደክማሉ። ዓይናችን አያየውም። በ1/500 ሰከንድ የተከፈተ ሹተር ግን አንዱን ብልጭታ በደመቀበት፣ ሌላውን በደከመበት ያገኘዋል። 1/100 ወይም 1/50 ላይ ሲሆን ሙሉ ብልጭታ ስለሚገባ ይስተካከላል። ርካሽ የኤልኢዲ መብራትም አንዳንዴ ይህን ያደርጋል። ይህን ማንም ስላልነገረኝ እኔ እየነገርኳችሁ ነው።

"ኤም ላይ የማያነሳ ፎቶ አንሺ አይደለም" የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አሁን ዝም እላለሁ። ጋሼ ግን ዝም አይሉም። እሳቸው የጀመሩት በሩሲያ ሠራሽ ዜኒት ኢ ነው። አምስት የሹተር ፍጥነት ነበራት፣ ከ1/30 እስከ 1/500፣ በዚያ ላይ ጣት እስኪነሳ ክፍት የሚቆየው። አውቶ የሚባል የለም። "ምርጫ ስላልነበረኝ ነው እንጂ ኤቪ ቢሰጡኝ ኖሮ ያኔውኑ እስም ነበር" ይላሉ። ፊልሙ 36 ፖዝ ነው። አንዱ ከተበላሸ ገንዘብ ነው፣ አሳጥቦ እስኪታይ ደግሞ ቀናት ነው። የፊልም ካርቶኑ ላይ ፀሐይና ደመና ተስሎ፣ ፀሐይ ከሆነ 16፣ ደመና ከሆነ 8 የሚል ምክር ይጻፍ ነበር። ጋሼ ያንን በቃላቸው ይዘውታል። አንድ ቀን በር ላይ ቆመው ወደ ጦሳ አዩና "ዛሬ ኤፍ 8 ነው" አሉ። ካሜራዬን አውጥቼ ለካሁ። 8 ነበር።

የፊት ነገር ግን በካርቶን ምክር አያልቅም። የኛ ሰው ጠይም ፊት ላይ ነጭ ነጠላ ያደርጋል። ሁለት ተቃራኒ በአንድ ፎቶ ውስጥ። ለነጠላው ካስተካከልኩ ፊቱ ይጠፋል፤ ለፊቱ ካስተካከልኩ ጥለቱ ይቃጠላል። ይህ የኛ ጥፋት ብቻ አይደለም። የድሮዎቹ የቀለም ፊልም ማጠቢያዎች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉበት ሸርሊ ካርድ የሚባል ፎቶ ነበር፤ ላዩ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። የሷ ፊት ደህና ከወጣ ሥራው ደህና ነው ይባል ነበር። አያቴ ካርዱ ላይ አልነበረችም።

እኔ አሁን የማደርገው ፊቱን ማስቀደም ነው። መለኪያውን መሃል ያለችውን ትንሽ ቦታ ብቻ እንዲያይ አደርገዋለሁ፤ ስፖት ይሉታል። ከፊቷ ላይ እለካለሁ። ፊቷ ጠይም ስለሆነ ካሜራው ወደ ግራጫ ሊያነጣው ይፈልጋል፤ ስለዚህ ግማሽ ስቶፕ ወይም ትንሽ በለጥ አድርጌ እቀንሳለሁ። ጥላ ቦታ ወይም በር ሥር ካስቀመጥኳት ነጠላውም ይተርፋል። ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ መሃል ማንንም አላነሳም፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን የዓይን ጉድጓዱ ይጨልማል። ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያለው ብርሃን ያምራል፣ ግን እዚህ አገር ቶሎ ነው የሚያልቀው። ሌንስ ስትቀይሩ ይመሻል።

ጥቅምት ላይ፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ የአያቴን ፎቶ ልደግመው ወሰንኩ። ያንኑ በር፣ ያንኑ ነጠላ። በልምዴ አንድ ደምሬ አነሳሁ። ነጠላው ነጣ፤ በጣም ነጣ። ጥለቱ የለም። ለካ ጉም የለም፣ ከኋላዋ ጥቁር በር ነው ያለው፤ የደመርኩት ለጉሙ ነበር። ወደ ዜሮ መለስኩት። ትንሽ ይቀረዋል። አንድ ሦስተኛ ቀነስኩ።

"አሁንስ አበዛኸው፤ ቡናው ቀዘቀዘ" አለችኝ።

ሄዳ ተቀመጠች። ቶናውን መቅዳት ጀመረች። እኔም ኤፍ 5.6 ላይ እንዳለሁ፣ ፊቷ ላይ ለክቼ፣ ጀበናውን ዘንበል ስታደርግ አንድ ጊዜ ተጫንኩ። ሹተሩ 1/80 ላይ ነበር፤ ቡናው ሲወርድ ቀጭን ክር ሆኗል፣ ፊቷ ፊቷን ይመስላል፣ የነጠላው ጥለት አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ጋሼ ጋ አሳተምኩትና አመጣሁላት። መነጽሯን አስመጣች። ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች። ረጅም ጊዜ አየችው።

"ነጠላዬስ ነጭ ሆኗል" አለች። ከዚያ በጣቷ ከኋላዋ ያለውን ነካች። "ግድግዳውን ሳላስቀባው ነው እንዴ ያነሳኸኝ?"